የእሳት እራት ደም መምጠጥን ከየት አመጣው?

ጥያቄ፦ "ባሕር ዳር የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። አንድ ተማሪዬ ደም የሚመጥ የእሳት እራት የሚያሳይ ቪዲዮ በስልኩ አሳየኝ። ቪዲዮው 'በዓይናችን ፊት እየተለወጠ ያለ ፍጥረት፤ ልክ እንደ ቢምቢ ሴቷ ለእንቁላሏ ስትል ደም ትመጥጣለች' ይላል። ከዚያ ወዲህ ክፍሉ በጥያቄ ወጥሮ ይዞኛል። አበባ ሲቀስም የኖረ ፍጥረት ደም መጠጣትን እንዴት ተማረ? ነገ ደግሞ እኛ አምፖል ላይ የሚሰበሰቡትስ? ጎረቤቴ በበኩሉ ልጁ ክንዱ ላይ ቀያይ እብጠት ይዞ ስለተነሳ፣ ቪዲዮውን ካየ ጀምሮ ማታ ማታ ቤቱን ፍሊት ይነፋል። ምን ልበለው?"

ምላሽ፦

ቪዲዮው አንድ እውነት ይዞ ስህተት ደራርቦበታል። ደም የሚመጥ የእሳት እራት አለ፤ ይህ እውነት ነው። የሚመጠው ግን ወንዱ ነው፣ ሴቷ አይደለችም። የሚፈልገውም ቢምቢ የምትፈልገውን አይደለም። "በዓይናችን ፊት እየተለወጠ" የሚለው ደግሞ ሰው እንዲጫነው የተጻፈ ርዕስ ነው። ለጎረቤትዎ ያለኝ መልስ አጭር ነው፦ ፍሊቱን ያስቀምጥና ፍራሹን ይፈትሽ። ወደ እሱ በኋላ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ስለ ማን እንደምናወራ እንለይ። ሳይንስ እስካሁን ስም የሰጣቸው ቢራቢሮዎችና የእሳት እራቶች በድምሩ 160,000 ይጠጋሉ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ የአጥቢ እንስሳ ቆዳ በስቶ ደም በመምጠጥ የሚታወቀው አንድ ወገን ብቻ ነው፤ ስሙ ካሊፕትራ ይባላል። በዚህ ወገን ውስጥ ያሉት ዝርያዎች ወደ 18 ይጠጋሉ። ደም ሲወስዱ የታዩት ደግሞ ከእነሱ ግማሽ ያህሉ ናቸው። የሚበዙት በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው። ጥቂቶቹ እስከ ጃፓን፣ ሩሲያና አውሮፓ ይደርሳሉ፤ አንዱ ሰሜን አሜሪካ ይኖራል። ክንፉን አጥፎ ሲቀመጥ የደረቀ ቅጠል ይመስላል። አጠገብዎ ቢያርፍ ልብ ላይሉት ይችላሉ።

ነገሩን ለሳይንስ ያሳወቀው ሀንስ ቤንዚገር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ ተመራማሪ ነው። ከእሱ በፊት አንዳንድ የእሳት እራቶች የከብት እንባ፣ ላብና የቁስል ደም እንደሚልሱ ይታወቅ ነበር። ጤነኛ ቆዳ ወግቶ ደም የሚያወጣ ግን አልታወቀም ነበር። ቤንዚገር ማሌዥያ ውስጥ ካሊፕትራ ዩስትሪጋታ የተባለው ዝርያ ይህን ሲያደርግ አየና እ.ኤ.አ. በ1968 አሳተመው። ከዚያ በኋላ ታይላንድ ተቀምጦ አሥርት ዓመታትን በዚሁ ጉዳይ አሳልፏል። ሌሊት ሌሊት ጎሽና ከብት አጠገብ እያደረ መጠበቅ ማለት ነው። ይህ ሥራ በባትሪ ብርሃን፣ በጭቃና በትዕግሥት የሚሠራ እንጂ ላቦራቶሪ ውስጥ ቁጭ ተብሎ የሚያልቅ አይደለም።

ቪዲዮው "በዓይናችን ፊት" የሚለውን ከየት እንዳመጣው እገምታለሁ። ካሊፕትራ ታሊክትሪ የሚባል ዝርያ አለ። አውሮፓ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲታወቅ የኖረው ፍራፍሬ በመውጋት ብቻ ነው። ጄኒፈር ዛስፔል የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቿ በሩሲያ ሩቅ ምሥራቅ፣ ፕሪሞርዬ ግዛት፣ ይህንኑ ዝርያ ይዘው የሰው እጅ አቀረቡለት። አንዳንዶቹ ወንዶች ወጉ፣ መጠጡም። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ታተመ። ጋዜጦችም "ፍራፍሬ በሊታው ወደ ደም መጣጭ እየተለወጠ ነው" ብለው ጮኹ።

ሙከራው የሚያሳየው ግን ያን አይደለም። የሚያሳየው ይህ ዝርያ እጅ ሲቀርብለት መውጋት እንደሚችል ነው።  አያቶቹ ይህን ማድረግ አይችሉም ነበር ለማለት አያቶቹን መፈተን ይጠይቃል። አንድን ጠባይ ዛሬ ማየትና ጠባዩ ዛሬ መጀመሩ ለየቅል ናቸው። ለተማሪዎችዎ ከሁሉ በፊት ይህን ቢያስይዟቸው ደስ ይለኛል። የሳይንስ ዜና ስናነብ ሁላችንም የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነውና።

በነገራችን ላይ ይኸው ዝርያ ባለፉት አሥርት ዓመታት ወደ ሰሜን እየገፋ ፊንላንድና ስዊድን ደርሷል። ስቶክሆልም ያለ ዘመድ "እዚህም መጣብን" ብሎ ቢደውል አይደንግጡ። የመጣው እንጆሪና መሰል ፍሬ የሚወጋ የእሳት እራት ነው፤ ሰው እያሳደደ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። "ደም መጠጣትን እንዴት ተማረ?" ብለዋል። "ተማረ" የሚለውን ቃል ከክፍልዎ ያስወጡት። አንድም የእሳት እራት አልተማረም፣ አልወሰነምም። የሆነውን ለመረዳት አፉን ማየት ያስፈልጋል።

የአብዛኞቹ ቢራቢሮዎችና የእሳት እራቶች አፍ የተጠቀለለ ኩምቢ ነው። ኩምቢው የተሠራው ከሁለት ረጃጅም ግማሾች ነው። ነፍሳቱ ከሙሽሬው ሲወጣ ግማሾቹ ገና አልተያያዙም። ከዚያ እንደ ዚፕ ይገጥሙና መሐላቸው ቀጭን ቱቦ ይፈጠራል። ይህ ግን ለሁሉም አይሠራም። ከጥንታውያኑ መካከል ዛሬም መንጋጋ ይዘው የአበባ ብናኝ የሚያኝኩ አሉ። የሐር ትል አዋቂው ደግሞ ጭራሽ አይበላም፤ ተጋብቶ፣ ዘር ተክቶ ይሞታል።

ተራው ኩምቢ ለስላሳ ነው። ክፍት አበባ ውስጥ ይገባል፣ ጠል ይጠጣል፣ የፈነዳ ፍሬ ይልሳል። ልጣጭ መብሳት አይችልም። የካሊፕትራ ኩምቢ ግን ሌላ ነገር ነው። አጠር ያለ፣ ወፍራምና ጠንካራ ነው። ጫፉ ሹል ነው። በዙሪያው የሚቧጥጡ እሾሆችና የሚቀስሩ መንጠቆዎች አሉት። መንጠቆዎቹን የሚያቆማቸው በውስጡ የሚዘዋወረው ፈሳሽ ግፊት ነው። ሲወጋም እንደ መርፌ አንዴ ብቻ ተጭኖ አይገባም። ሁለቱ ግማሾች በየተራ ይንሸራተታሉ፤ አንዱ ወደፊት ሲገፋ ሌላው በመንጠቆው ነክሶ ይይዛል። ጭንቅላቱም አብሮ ይርገበገባል። እንዲህ እየቧጠጠና እየቀደደ ይገባል።

ይህ መሣሪያ መጀመሪያ ለቆዳ አልተሠራም፤ ለፍሬ ነው። የካሊፕትራ የቅርብ ዘመዶች ብርቱካን፣ ኮክ፣ ወይን የመሳሰለውን ልጣጭ በስተው ጭማቂ የሚመጥጡ ናቸው። ከእነሱ ትልልቆቹ፣ ለምሳሌ ዩዶሲማ የሚባሉት፣ በአፍሪካም በእስያም የፍራፍሬ አትክልተኛ ጠላት ናቸው። የሚወስዱት ጭማቂ ትንሽ ነው። በከፈቱት ቀዳዳ ሻጋታ ይገባና ፍሬው በስብሶ ይወድቃል፤ ኪሳራውን የሚያመጣው ይህ ነው።

እናቶቻችን ሰፌድና መሶብ የሚሰፉበትን ወስፌ ያስቡ። ወስፌ የተሠራው አክርማና ስንደዶ እንዲበሳ ነው። ቆዳ መስፋት ያማረው ሰው በዚያው ወስፌ ሊሞክር ይችላል። ቢያመልጥም ጣት ይወጋል። ወስፌው አልተለወጠም፤ ያረፈበት ነገር ነው የተለወጠው። ፍሬ ለመውጋት በብዙ ሺህ ትውልዶች የተሳለ ኩምቢ ከጎሽ ጆሮ ላይ ሲያርፍም ይሠራል። በዝግመተ ለውጥ ውስጥ እንዲህ ያለው ታሪክ ብዙ ነው። አዲስ ጠባይ ሁልጊዜ አዲስ አካል አይጠብቅም፤ ለሌላ ጉዳይ በተዘጋጀ አካል ይጀምራል።

ይህን ሐሳብ የሚቃወም ሌላ መላ ምትም ነበረ። በዚያ መሠረት መንገዱ በእንባ በኩል ነው። መጀመሪያ እንባ መላስ፣ ቀጥሎ ላብ፣ ከዚያ ቁስል፣ በመጨረሻም ራስ ወግቶ ማቁሰል። ሲሰሙት ደረጃ በደረጃ ስለሚሄድ አሳማኝ ነው። እንባ የሚጠጡ የእሳት እራቶችም ተረት አይደሉም። በእስያም በአፍሪካም ሌሊት ከከብት ዓይን የማይጠፉ አሉ። ማዳጋስካር ውስጥ አንዱ የተኛች ወፍ ሽፋሽፍት ሥር እንደ ጦር ያለ ኩምቢውን አስገብቶ እንባዋን ሲጠጣ ተገኝቷል። ወፏ አትነቃም። እኔ ይህን ያነበብኩ ቀን እንቅልፌ ቀለል ብሎብኝ ነበር።

ግን የዘር ሐረጉ ይህን መንገድ አይደግፍም። እንባ ጠጪዎቹ በአብዛኛው ተራርቀው በተለያዩ ቤተሰቦች የተበተኑ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 ዛስፔልና ባልደረቦቿ በዲኤንኤ ላይ ተመሥርተው የካሊፕትራንና የዘመዶቹን የዘር ሐረግ አሳተሙ። ደም መጣጮቹ የተገኙት በፍሬ ወጊዎች መካከል ነው። ቅርንጫፉ የበቀለው ከዚያ ግንድ ነው ማለት ነው። ክርክሩ በዚህ በኩል ተዘግቷል ባይ ነኝ። ያልተዘጋው ሌላው ነው፦ በካሊፕትራ ውስጥ ደም መምጠጥ አንዴ ተነሥቶ አንዳንዶቹ ተዉት ወይስ ደጋግሞ ተነሣ? አንዱ ዝርያ በዱር፣ ሌላው በሙከራ ብቻ፣ ሦስተኛው ጨርሶ ባልታየበት ሁኔታ ይህን ለመቁረጥ ገና ነው። ተማሪ ከጠየቀዎት እንደዚሁ ይንገሩት። ክፍት ጥያቄ ያለበት ትምህርት አይሰለችም።

መሣሪያው ከየት እንደመጣ አየን። መሣሪያ መኖሩ ግን አንድ ነገር ነው፤ ለምን ደም? ጎሽ በጭራው ይመታል፣ ዝሆን በጆሮው ያራግፋል። ብርቱካን አይመታም። አደጋ የሚያስገባ ነገር ጥቅም ሊኖረው ይገባል።

እዚህ ላይ የቢምቢ ምሳሌ ያሳስታል። ሴቷ ቢምቢ ደም የምትፈልገው ለፕሮቲኑ ነው፤ እንቁላሏን የምትሠራበት ነው። ስለዚህ ወንዱ ቢምቢ አይነክስም። በካሊፕትራ ነገሩ ተገልብጧል፤ ሴቷ ፍሬዋን ትጠጣለች፣ ደም የሚወስደው ወንዱ ነው። ወንድ ደግሞ እንቁላል አይሠራም። ስለዚህ ፕሮቲን ዋናው ምክንያት ሊሆን አይችልም። ስኳር እንዳንል ደም ውስጥ ያለው ስኳር ከፍሬ ጋር አይወዳደርም። የቀረው ጨው ነው።

ይህን ለማስረዳት የትም መሄድ አያስፈልግዎትም። ከብት አርቢ ቤተሰብ ያለው ተማሪ ካለዎት እሱን ይጠይቁት። ከብት ለምን ሆራ ይወርዳል? ለምን አሞሌ ይልሳል? ሣር ጨው ስለሌለው ነው። ተክሎች ፖታሲየም ያከማቻሉ፤ ሶዲየም ግን በአብዛኛው ለእነሱ ብዙም አያስፈልጋቸውም፣ ቅጠላቸው ውስጥም ትንሽ ነው። እንስሳ ግን ያለ ሶዲየም ነርቩም ጡንቻውም አይሠራም። ስለዚህ ቅጠል በል የሆነ ሁሉ ጨው ፍለጋ ይወጣል። በሬው ሆራ ይወርዳል፣ ዝሆን ጨዋማ አፈር ይቆፍራል።

የእሳት እራትም ልጅነቱን አባጨጓሬ ሆኖ በቅጠል ያሳለፈ ነው። የካሊፕትራ ታሊክትሪ አባጨጓሬ የሚበላው ታሊክትረም የሚባል ተክል ነው፤ ስሙንም ከእሱ አግኝቷል። የእኛ ባህል ሐኪሞች የሚያውቁት ሥረ ብዙ የዚሁ ተክል ወገን ነው። (ይህን ስል ሥረ ብዙ የሚነቅል እንዳይነሳብኝ። ተክሉ እዚህ አለ፤ የእሳት እራቱ ግን የለም።) ቅጠል በልቶ ያደገው ሁሉ ጨው ያጠረው ሆኖ ይወጣል። ዝናብ ሲያባራ በመንገድ ዳር እርጥብ ጭቃ ላይ፣ የከብት ሽንት ባለበት ቦታ፣ ቢራቢሮዎች ተሰብስበው እርጥበቱን ሲመጥጡ አይተው ይሆናል። ያ ሆራቸው ነው። ቀርበው ቢያዩ ደግሞ የሚበዙት ወንዶች ናቸው።

ለምን ወንዶች? የዚህን መልስ ያገኙት የኮርኔል ዩኒቨርሲቲዎቹ ስኮት ስሜድሊና ቶማስ አይስነር ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ። ያጠኑት ግሉፊሲያ የሚባል የሰሜን አሜሪካ የእሳት እራት ነው። ወንዱ ከረጠበ መሬት ላይ ለሰዓታት ውሃ ይጠጣል። ውሃውን ከኋላው ፊጭ ፊጭ እያደረገ ይረጨዋል፤ በጠቅላላው ከክብደቱ በመቶዎች እጥፍ የሚሆን። ጨዉን ግን ያስቀራል። ከሴቷ ጋር ሲገናኝ ያን ጨው ከዘሩ ጋር ያስረክባታል። እሷ ደግሞ እንቁላሎቿ ውስጥ ታስገባዋለች። ልጆቹ ጨው ወደሌለው ቅጠል የሚፈለፈሉት ስንቅ ይዘው ነው። ባጭሩ ጥሎሽ ነው።

ለካሊፕትራም የሚቀርበው ማብራሪያ ይኸው ነው። ደም ጨዋማ ነው፤ ጣቱን የቆረጠው ሁሉ ቀምሶታል። ከጭቃ ይልቅ ብዙ ሶዲየም በአጭር ጊዜ ይገኝበታል። ወንዱ በደም ያገኘውን ጨው ለሴቷ ይሰጣል የሚለው ሐሳብ ከሁሉም ጋር ይገጥማል፦ ወንዶች ብቻ መሆናቸው፣ ደም ሳያገኙም በፍሬ ብቻ መኖራቸው፣ ሁሉም ወንድ አለመውጋቱ። ነገር ግን ጥንቃቄ እዚህ ላይ ያስፈልጋል። ጥሎሹ በግልጽ የተለካው በግሉፊሲያ ነው። በካሊፕትራ ከጎሽ ደም እስከ እንቁላሉ ድረስ ያለውን መንገድ ሙሉውን ተከትሎ ያሳየ ሥራ እንደ ግሉፊሲያው የለም። ስለዚህ ለተማሪዎችዎ "ከሁሉ የተሻለው ማብራሪያ" ይበሉት፤ "የተረጋገጠ" አይበሉት።

አሁን ሁለቱን እናጋጥም። ፍሬ የሚወጋ ወንድ አለ፣ ጨው ያጠረው ነው። ጨው ፍለጋ ላብና ጭቃ ላይ ያርፋል። አፉ ላይ ደግሞ ወስፌ አለው። ከእነዚህ መካከል አንዳንዶቹ ላብ ያለበት ቆዳ ላይ ሲያርፉ እንደ ፍሬ ልጣጭ ይወጉታል፤ አንዳንዶቹ አይወጉም። ይህ ልዩነት በከፊል ከወላጅ የሚወረስ ከሆነና ከወጉት ወንዶች የሚወለዱት ልጆች ይበልጥ የሚተርፉ ከሆነ፣ ከትውልድ ትውልድ የሚወጉት ይበዛሉ። ማንም አልወሰነም፣ ማንም አልተማረም። በየደረጃው ያለው ነገር ለዚያ ጊዜ ብቻ ይጠቅም ነበር። የፍሬ ወጊው ቅድመ አያት አንድ ቀን ደም ያስፈልገኛል ብሎ ኩምቢውን አልሳለም።

ሌላው የሚዘነጋ ነገር፦ ካሊፕትራ ያለ ደም ይኖራል። ቅማል አይኖርም፣ ትኋን አይኖርም፣ መዥገር አይኖርም። እነዚህ ሙሉ በሙሉ የደም ጥገኛ ናቸው። ካሊፕትራ አጋጣሚውን የሚጠቀም ፍሬ ጠጪ ነው። "ቫምፓየር" የሚለው ስም ለቴሌቪዥን ይመቻል እንጂ ፍጥረቱን አይገልጸውም። የእኛ ስም ይሻላል ብዬ አስባለሁ። እሳት ውስጥ ዘሎ ስለሚገባ የእሳት እራት አልነው። ሁልጊዜ እራት የሚሆነው እሱ ነበር፤ ካሊፕትራ ብቻ አንድ ሁለቴ እኛን እራት አደረገን።

"የእኛዎቹስ ነገ ይጀምሩ ይሆን?" ለሚለው ፍርሃት መልሱ አይደለም ነው። ባሕር ዳር አምፖል ላይ ከሚሰበሰቡት ብዙዎቹ ገበሬው በልጅነታቸው የሚያውቃቸው ናቸው። ተምች የእሳት እራት ልጅ ነው። አገዳ ቆርቁርም እንደዚሁ። ጉዳታቸው በአባጨጓሬነታቸው ነው፤ እርሻ ያወድማሉ። ካደጉ በኋላ ያላቸው ኩምቢ ግን ለስላሳ ነው። በአንድ ትውልድ ቀርቶ በሺህ ትውልድም ቆዳ የሚበሳ አይሆንም፤ መጀመሪያ ፍሬ ወጊ መሆን ነበረበት። ፍሬ ወጊዎችም ቢሆኑ በአፍሪካ አሉ፤ ግን የሰው ደም ሲመጥጡ አልተመዘገቡም። የወስፌ መኖር ብቻውን ቆዳ ሰፊ አያደርግም።

በሽታ ያስተላልፋል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ አይጠፋም። ካሊፕትራ ሲወጋ ያማል፣ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ያልፋል። በንክሻው ለሰው በሽታ ማስተላለፉ የተረጋገጠ የእሳት እራት የለም። ከከብት ዓይን ወደ ከብት ዓይን የሚዞሩት እንባ ጠጪዎች የዓይን ሕመም ያዛምታሉ ተብለው ይጠረጠራሉ፤ ይህ ግን የከብት ሐኪም ጉዳይ ነው።

ወደ ጎረቤትዎ ልመለስ። እኔ በሥራዬ ብዙ ሌሊት ነጭ አንሶላ ሰቅዬ፣ መብራት አብርቼ፣ የእሳት እራት ስሰበስብ አድሬአለሁ። ፊቴም ላይ፣ አንገቴም ሥር፣ ሻይዬም ውስጥ ገብተዋል። የነከሰኝ ግን ሁልጊዜ ቢምቢ ነበር። ልጁ ጠዋት ቀያይ እብጠት ይዞ ከተነሳ የእሳት እራቱ የመጨረሻው ተጠርጣሪ ነው። የሚያጋልጠው መብራቱ ላይ መታየቱ ብቻ ነው። ትክክለኛው ወንጀለኛ የሚሠራው መብራት ከጠፋ በኋላ ነው።

እብጠቶቹ በሰልፍ ወይም ተጠጋግተው ከወጡ፣ አንሶላው ላይም ጠቆር ያሉ ነጠብጣቦች ካሉ ትኋን ሳይሆን አይቀርም። የፍራሹን ጠርዝ፣ የአልጋውን መገጣጠሚያ፣ የግድግዳውን ስንጥቅ በባትሪ ይፈትሽ። እግርና ቁርጭምጭሚት ላይ ከበዛ ቁንጫ ሊሆን ይችላል። የተገለጠ ክንድና ፊት ላይ ብቻ ከሆነ ቢምቢ ሊሆን ይችላል። ቀን ዛፍ ሥር ሲጫወት የዋለ ልጅ ከሆነ ደግሞ አባጨጓሬ ነክቶት ይሆናል። ፀጉሩ ቆዳ ላይ ተሰክቶ ሽፍታ ያወጣል። ያኔ ማከክ ሳይሆን በፕላስተር ፀጉሩን ማንሳትና በሳሙና መታጠብ ነው የሚሻለው።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ ይንገሩልኝ። የጣና አካባቢ ወባ ያለበት ነው። በእሳት እራት ፍርሃት ተይዞ ቢምቢን መርሳት እውነተኛው አደጋ ነው። ልጁ አጎበር ውስጥ ይተኛ። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ማስታወክ ከመጣ አንድ ሌሊት ሳይጠብቁ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመርመር። እብጠቱ ከተስፋፋ፣ ካቃጠለ፣ መግል ከያዘ ወይም ልጁ መተንፈስ ካቃተው እንዲሁ። ይህን በጽሑፍ ማከም አይቻልም።

ፍሊቱ ለማንኛውም ይቁም። በዘጋው ክፍል ውስጥ በየማታው የሚነፋ መርዝ ከእሳት እራቱ ይልቅ የሚጎዳው አጠገቡ የሚተኛውን ልጅ ነው። ትኋንንም በብዛት አይገድለውም፤ ወደ ስንጥቁ ውስጥ ያሸሸዋል እንጂ። የእሳት እራት መግባቱ ካስቸገረው መስኮቱ ላይ ወንፊት ያድርግ፣ የውጭውን አምፖል ወደ ቢጫ ይቀይር፣ ማታ መጋረጃ ይዝጋ። ነጭና ሰማያዊ ብርሃን ይስባቸዋል፤ ቢጫው ያን ያህል አይጠራቸውም።

ለክፍልዎ ደግሞ ቪዲዮውን አይከልክሉ። አብረው ይዩትና ስህተቱን ያስፈልጓቸው፦ ሴት ነው ያለው፣ ለእንቁላል ነው ያለው፣ ዛሬ ጀመረ ያለው። ከዚያ ማታ አምፖል ሥር የወደቀ አንድ የሞተ የእሳት እራት ያምጡ፤ ትልቅ ቢሆን ይሻላል። ጭንቅላቱ ሥር እንደ ሰዓት ምንጭ የተጠቀለለውን ኩምቢ በመርፌ ጫፍ ቀስ ብለው ይዘርጉት፣ በአጉሊ መነጽርም ይዩት። የደረቀ ከሆነ አንድ ጠብታ ለብ ያለ ውሃ ያለሰልሰዋል። ከዚያ ብርቱካን ልጣጭ ላይ ጫን ያድርጉት። ይታጠፋል።